የቶማስና የኤድና ሽምግልና

ቡራዩ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የመማሪያ ክፍሌ ውስጥ ሻወር አገኘሁ። ሕንፃው ሲጀመር የታሰበው ለእንግዳ ማረፊያ ነበር። ባለቤቱ ሐሳባቸውን የቀየሩት ሴራሚኩ ተለጥፎ፣ የእጅ መታጠቢያው ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ስለነበር እያንዳንዱ ክፍል ከነመታጠቢያው የመማሪያ ክፍል ሆነ። የኔ በር ላይ «ሲወጡ ቁልፉን ለእንግዳ ተቀባይ ያስረክቡ» የሚል ጽሑፍ ነበር። ጎረቤቴ የሒሳብ አስተማሪው ሻወሩ ውስጥ ማስመሪያና ኮምፓስ ያስቀምጥ ነበር። እኔ መጻሕፍት ደረደርኩበት። ውሃ ስላልገባ የሚያሰጋ ነገር አልነበረም።

ስሜ ስንዱ ነው። ከዚያ በፊት ሰበታ፣ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። እንግሊዝኛ ስል ሰዋስው ማለቴ ነው። «ፖሊሱ ሌባውን ያዘው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር «ሌባው በፖሊሱ ተያዘ» ብለው እንዲለውጡ ሳደርግ ኖርኩ። ያ ሌባ በኔ ክፍል ስንት ጊዜ እንደተያዘ እግዜር ይወቀው። ምን ሰርቆ እንደሆነ የጠየቀ ተማሪ ግን አልነበረም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ሥነ ጽሑፍ ማስተማር ያማረኝ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የትምህርት ቤቱ ባለቤት ኦቦ ገመቹ ይባላሉ። ቀድሞ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። በቡራዩ ግን ከወፍጯቸው ይልቅ በሽማግሌነታቸው ነው የሚታወቁት። የተጣላ ባልና ሚስት፣ ድንበር የተጋፋ ጎረቤት፣ ሁሉም እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። «አካም ቡልቴ፣ ቲቸር» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው አስቀመጡኝና ነገሩን አስረዱኝ። አዲስ አበባ ያሉት ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን የውጭ አገር ፈተና ያስፈትናሉ፤ የኛም ልጆች ይፈተኑ። የመረጡት ትምህርት የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ምክንያቱም ላቦራቶሪ አይጠይቅም።

አንድ ያልገባቸው ነገር ነበር። ፈተናው «ክሪቲካል ኤሴይ» አለው ተብለዋል። ክሪቲካል የሚለውን ቃል የሚያውቁት ከሆስፒታል ነው፤ ወንድማቸው በጠና ታሞ በተኛ ጊዜ ሐኪሙ ያላቸው ይህንኑ ነበር። ልጆቹ እዚያ ደረጃ ሳይደርሱ መርዳት አይቻልም ወይ ሲሉ ጠየቁኝ። ቃሉ እዚህ ላይ ሌላ ትርጉም እንዳለው፣ ተማሪው ልብ ወለድ አንብቦ ስለ ልብ ወለዱ የራሱን ሐሳብ በማስረጃ እያስደገፈ የሚጽፈው ድርሰት እንደሆነ ነገርኳቸው። ማን እንደሚያርመው ጠየቁ። ውጭ አገር ያለ፣ ልጆቹን አይቶ የማያውቅ ሰው ነው አልኳቸው። ትንሽ ካሰቡ በኋላ አራሚው ባለትዳር መሆን አለመሆኑን ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ጥያቄው ለምን እንደመጣባቸው አልገባኝም፤ እሳቸው ዘንድ ትዳር የሌለው ሰው ለፍርድ እንደማይቀመጥ ያወቅሁት ኋላ ነው።

ይህ ሥራ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ተማሪው አንድ ነጥብ ያነሣል፤ ለነጥቡ ከመጽሐፉ ማስረጃ ያቀርባል፤ ከዚያ ማስረጃው ነጥቡን እንዴት እንደሚደግፍ ያስረዳል። ነጥብ፣ ማስረጃ፣ ማብራሪያ። ሙያው ይኸው ነው። ሰሌዳዬ ላይ በቀይ ማርከር ጽፌ ስለማላጠፋው ሴራሚኩ ላይ የተሣለ ነበር የሚመስለው።

ልጆቹ ግን ያዩት ነበር እንጂ አያነቡትም። ከሁሉም የባሰው ብሩክ ነበር። ብሩክ ከኮፒ ቤት የተገዛ አንድ ዝግጁ ድርሰት በቃሉ ይዟል። ድርሰቱ «ከጥንት ጀምሮ ሥነ ጽሑፍ የኅብረተሰብ መስታወት ነው» ብሎ ይጀምራል። ስለ ልብ ወለድ ብጠይቀው ያንን ይጽፋል። ስለ ቀንድ አውጣ የተጻፈ ግጥም ብሰጠው ያንኑ ይጽፋል። አንድ ቀን ቀርቶ ሲመጣ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ዩኒት ሊደሩ ቢያዘው «ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ ይታመማል» ብሎ ጀመረ። ፈቃዱ ተሰጠው፤ ዐረፍተ ነገሩ ስሕተት አልነበረበትም።

የመጀመሪያውን የሙከራ ፈተና ስሰጥ ያልታየ ግጥም አወጣሁ። በሌሊት ስለሚወርድ በረዶ ይናገራል። እነሱ የሚያውቁት በረዶ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውን ነው። ክፍሉ በሙሉ ገጣሚው ሰብሉ ስለወደመበት አዝኗል ብሎ ጻፈ። አንዱማ ጤፉ ስንት ኩንታል ይወጣው እንደነበር ሁሉ ገምቷል። ወረቀቱን እየመለስኩ ፈረንጅ አገር ሌላ ዓይነት በረዶ እንዳለ ልነግራቸው ስል ሀያት እጇን አወጣች። ሀያት የሱሉልታ ልጅ ናት፤ ቡራዩ አክስቷ ጋ ሆና ነው የምትማረው።

«ቲቸር፣ እኛ አገር በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይሰማማም» አለች። «ይሄኛው ግን ድምፅ ሳያሰማ ወረደ ይላል። ስለዚህ ሌላ በረዶ ነው።»

በዚያ ክፍል ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያው ማስረጃ ነበር።

ከዚያ የወላጆች ስብሰባ መጣ። ክሪቲካል ኤሴይ የሚለውን ሁሉም በሚገባው ቋንቋ ለመናገር ብዬ «ልጆቻችሁ ዘንድሮ ሂስ መጻፍ ይማራሉ» አልኩ። ከፊት የተቀመጡት ወጣት ወላጆች ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኋላ የነበሩት፣ የደርግን ዘመን የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ የሚያስታውሱት ትልልቆቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ። የብሩክ አባት ጋሽ መኮንን ብድግ አሉ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ጡረታ የወጡ፣ ብሩክን በስተርጅና ያገኙ ሰው ናቸው።

«ሂስ ነው ያልሽው?» አሉኝ።

አዎ አልኩ።

«እኔ በዘመኔ ሂስ አድርጌአለሁ፤ ሂስም ተደርጎብኛል። ሁለቱም አልጠቀሙኝም» አሉና ተቀመጡ።

ስብሰባው ሲያበቃ ለብቻዬ አገኙኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ልጃቸው ማንን ሊሄስ እንደሆነ ጠየቁኝ። ልብ ወለድ ውስጥ ያሉ ሰዎችን ነው አልኳቸው። ሰዎቹ ፈረንጆች እንደሆኑ ሲሰሙ ይበልጥ ደነገጡ፤ ያልደረሱብንን ሰዎች ምን ብለን እንነካለን አሉ። ከዚያ መስመሩ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የምን መስመር ስላቸው የአራሚው አቋም አሉኝ፤ ሂስ የሚያደርግ ሰው መጀመሪያ የበላዩን አቋም ማወቅ አለበት። አራሚው አቋም እንደሌለው፣ በማስረጃ እስካስደገፉ ድረስ ሁለቱንም ወገን ተቀብሎ ነጥብ እንደሚሰጥ ነገርኳቸው።

«መስመር የሌለው ሂስ አይቼ አላውቅም» አሉ። እንደማያምኑኝ ገባኝ።

በሳምንቱ ለሌሎች ወላጆች ደውለው ነበር። ልጆቻቸውን ከክፍሌ ሊያስወጡ የሚፈልጉ በዙ። ኦቦ ገመቹ አስጠሩኝና ተማሪ ከወጣ ክፍሉን መዝጋት ግድ እንደሚሆንባቸው ነገሩኝ። ሰበታ የነበረኝ ቦታ በሌላ ሰው ተይዟል። እዚያ ያሉ ባልደረቦቼ «ልብ ወለድ ልታነቢ ነው ደመወዝ የሚከፍሉሽ?» ብለው ስቀው ነው የሸኙኝ።

ኦቦ ገመቹ ግን ሳይሰሙ የሚፈርዱ ሰው አይደሉም። ልጆቹ የሚያነቡት መጽሐፍ ምን እንደሚል እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አንድ የባሕር ዳርቻ መንደር ውስጥ ቶማስ የሚባል ሰው ከሚስቱ ከኤድና ጋር ይኖራል። ቶማስ ለሥራ ርቆ በሄደበት፣ ኤድና አባቱ የተከለውን የፖም ዛፍ ከግቢያቸው ታስቆርጣለች። ሲመለስ ዛፉ የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አያናግራትም።

«እስከ መቼ?» አሉ።

«መጽሐፉን ሙሉ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አንድ ቤት ውስጥ?»

«አንድ ቤት ውስጥ። የሚፈልገው ነገር ሲኖር ለውሻው ነው የሚናገረው፤ እሷ ትሰማለች።»

«ጎረቤት የለም? ሽማግሌ አልተላከም?»

«አልተላከም።»

ኦቦ ገመቹ ተነሥተው በክፍሉ ውስጥ ተመላለሱ። ውሻውን ሊረሱት አልቻሉም። ውሻ አማላጅ ሆኖ ሰው ዝም የሚልበት አገር ምን ዓይነት አገር ነው አሉ። በመጨረሻ፣ በሳቸው ትምህርት ቤት ውስጥ ባልና ሚስት እንደተኳረፉ ዓመቱ እንደማያልቅ ነገሩኝ። ሰዎቹ በእውን የሉም ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ።

«መኖራቸውን መች ጠየቅሁሽ?» አሉኝ። «የሉም ካልሽ፣ ልጆቹን የሚያስወድቋቸው እነማን ናቸው?»

ቅዳሜ ጠዋት ጃርሱማ ይቀመጣል ተባለ፤ ሽምግልና ማለታቸው ነው። ከእሳቸው ሌላ ጋሽ መኮንን እንዲቀመጡ ተጠሩ፤ ነገሩን በዓይናቸው ካዩ ይረጋጋሉ ተብሎ ነው። ሦስተኛዋ የሀያት እናት ወይዘሮ ዘይነብ ነበሩ። ሱሉልታ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ቅዳሜ ዕቃ ለመግዛት ሲወርዱ ልጃቸውን ለማየት ይመጣሉ። ጉዳዩ በእርቅ ከተዘጋ ክፍሉ ይቀጥላል። ካልተዘጋ ሁላችንም ወደየቤታችን።

የተሰበሰብነው ሬስቶራንት ሊሆን ታስቦ በነበረው አዳራሽ ነው። ኦቦ ገመቹ መርቀው ከፈቱ። ለሌሉ ባልና ሚስት ጤናና ልጅ ለመኑ። ከዚያ ወኪሎችን ሰየሙ። ሀያት የቶማስ ወኪል ሆነች፤ ብሩክ የኤድና። ሴቷን ለባል፣ ወንዱን ለሚስት ያደረጉት ማንም ለወገኑ እንዳያደላ ነው። ቀጥለው ሕጉን ተናገሩ፦

«የሰማነውን እንጂ የጠረጠርነውን አንናገርም። የምትሉትን ሁሉ ከመጽሐፉ ታሳያላችሁ።»

እኔ ይህንኑ ከመስከረም ጀምሮ በቀይ ማርከር ስጽፈው ነበር።

ብሩክ ተነሣ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ «ከጥንት ጀምሮ ትዳር የኅብረተሰብ መስታወት ነው» ብሎ ጀመረ። ኦቦ ገመቹ አስቆሙት። ከጥንት ጀምሮ የሚለው የት ገጽ ላይ እንዳለ እንዲያሳያቸው ጠየቁት። ብሩክ መጽሐፉን አገላበጠ። መጽሐፉ አዲስ ነበር፤ ሲገለጥ ጀርባው ይንቋቋል። አባቱ ያንን ድምፅ ሰሙ። ሁላችንም ሰማነው።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉ ኦቦ ገመቹ። «ያልተጻፈ አትመስክር።»

ሀያት ግን ተዘጋጅታ ነበር። ቶማስ ያንን ዛፍ አባቱ እንደተከለው፣ በልጅነቱ ቁመቱን ግንዱ ላይ እየለካ እንዳደገ፣ ከመንገድ ሲመለስ ከቤቱ በፊት የሚያየው ዛፉን እንደነበር ገጹን እየጠራች አሳየች። ወይዘሮ ዘይነብ በልጃቸው ኮሩ፤ በነገሩ ግን አልተስማሙም። ሚስቱን ሳይሆን ዛፉን ቀድሞ የሚያይ ባል ላይ አስተያየት ነበራቸው። ኦቦ ገመቹ አስተያየቱን ለጊዜው ይዘው እንዲቆዩ ለመኗቸው።

ያልጠበቅሁት የሆነው ጋሽ መኮንን ጋ ነው። ሲጀመር ከሁላችንም ራቅ ብለው፣ ለምስክርነት እንኳ በማይጠሩበት ቦታ ተቀምጠው ነበር። ውይይቱ ሲደበላለቅባቸው ግን መታገሥ አልቻሉም። ወንበራቸውን ጎትተው ቀረቡና አጀንዳ ሳይያዝ እንዴት ይሠራል አሉ። ወዲያው ያዙ። አንድ፣ ዛፉ። ሁለት፣ ውሻው። ሦስት፣ ልዩ ልዩ። ተናጋሪ እጁን እያወጣ እንዲናገር፣ አንድ የተናገረውን ሌላው እንዳይደግም አዘዙ። አሠራሩን ከልባቸው ነበር የሚያውቁት። ቆይተው ኤድና በቅድሚያ ግለ ሂስ ታድርግ የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

«አታደርግም» አሉ ወይዘሮ ዘይነብ። «መጀመሪያ ቤቷን እዩላት።»

ቤቱ በመጽሐፉ ውስጥ ምን እንደሚመስል አስተውሎ ያነበበ ሰው ስላልነበረ ስብሰባው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጠረ።

በዚያ ሳምንት ብሩክ መጽሐፉን አነበበ። አባቱ ተቆጥተውት እንደሆነ ጠይቄው ነበር፤ ምንም አላሉኝም አለ። ኤድና ግን ወኪል የለሽ እንደሆነች ተሰምቶታል። በዕረፍት ሰዓት ሻወሩ ውስጥ በተደረደሩት መጻሕፍት መካከል ተቀምጦ ሲያነብ ሁለት ጊዜ አገኘሁት። ሁለቱንም ጊዜ አስወጣሁት፤ ደወል ተደውሎ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ተነሥቶ ቆመ። እጁን ወደ ኋላ አላጣመረም፤ መጽሐፉን ይዞበት ነበር።

«ኤድና መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ በቀትር ፋኖስ አብርታ ትሰፋለች» አለ። «ሁለተኛው ምዕራፍ ላይም በቀትር ፋኖስ አለ። ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ፋኖስ የሚል ቃል የለም። ፈልጌ አጣሁ።»

ያንን መጽሐፍ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ፋኖሱ እንደጠፋ አላየሁም ነበር።

«እንግዲያው ዛፉ መስኮቷን ጋርዶባት ነው» አሉ ኦቦ ገመቹ ቀስ ብለው። ሽማግሌ ናቸውና ወዲያው ደግሞ ሌላውን ወገን አነሡ፤ ለምን ለባሏ አልነገረችውም? አማክራው ቢሆን ኖሮ ቅርንጫፉን ቆርጦ ይገላገሉ ነበር።

የመለሰችው የቶማስ ወኪል ሀያት ናት። መጽሐፏን ገለጠች። የምታነበው ነገር የራሷን ወገን እንደሚጎዳ ገብቷት ነበር። ቢሆንም አነበበችው። ኤድና «ቤቱ ጨለመብኝ» ትለዋለች። እሱም «ክረምት ነው» ይላታል። ሌላ ጊዜም ትለዋለች፤ አሁንም «ክረምት ነው» ይላታል። የእነሱ ክረምት ከኛ እንደሚለይ ላስረዳ ከጀመርኩ በኋላ ተውኩት። ጨለማ ጨለማ ነው።

ወይዘሮ ዘይነብ እሳቸውም ሱቃቸው ውስጥ መብራት ይቀየርልኝ ብለው ለባለቤታቸው ስንት ጊዜ እንደነገሩ ማውራት ሲጀምሩ ጋሽ መኮንን ከአጀንዳ ውጭ ነው ብለው አስቆሟቸው። ልዩ ልዩ ላይ ይነሣል ተባለ። እውነትም ልዩ ልዩ ላይ ተነሣ፤ ብዙ ጊዜም ወሰደ።

በመጨረሻው ቅዳሜ የቀረው የመጽሐፉ መጨረሻ ነበር። መጨረሻው እንዲህ ነው፦ ዝናብ ይዘንባል፣ ቶማስ በር ላይ ቆሞ ጉቶውን ያያል፣ ከዚያ ዞር ብሎ ለሚስቱ «ሻይ?» ይላታል። በቃ። ኤድና መመለስ አለመመለሷ አልተጻፈም።

በዚህች ቃል ላይ የተደረገው ክርክር እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ኦቦ ገመቹ ሻይ እርቅ ነው ወይ ሲሉ ጠየቁ። ሀያት እርቅ ነው፤ በውሻው በኩል ሳይሆን ቀጥታ ነው የተናገራት አለች። ብሩክ እርቅ አይደለም፤ ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም አለ። ጋሽ መኮንን የጥያቄ ምልክቱ እንዲነበብላቸው ጠየቁ። ሻይ አፍይልኝ ከሆነ ትእዛዝ ነው፤ ላፍላልሽ ከሆነ ግን ግለ ሂስ ነው አሉ። ይህ ልዩነት በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ውስጥ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ባላውቅም፣ ልጆቹ ወረቀታቸው ላይ ሲጽፉት አየሁ።

ውሳኔው ተሰጠ። ሻይ እርቅ አይደለም፤ የእርቅ መጀመሪያ ነው። ቶማስ ሚስቱን ስላላዳመጠ ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ ኤድና ደግሞ የአባት ዛፍ ሳታማክር ስላስቆረጠች ከመስኮቱ ራቅ አድርጋ ሁለት ፖም እንድትተክል። ውሻው ከአማላጅነት ሥራው በክብር ተሰናበተ። ኦቦ ገመቹ መርቀው ዘጉ። ጋሽ መኮንን ሲወጡ ጨበጡኝና ልጃቸው በክፍሉ እንደሚቀጥል ነገሩኝ። ሌሎቹም ቀጠሉ። በቀጣዩ የወላጆች ስብሰባ ቶማስና ኤድና መታረቃቸው ሲነገር ጭብጨባ ነበር።

ፈተናው የተሰጠው አዲስ አበባ ነው። በትምህርት ቤቱ ሚኒባስ ይዘናቸው ሄድን። ኦቦ ገመቹና ጋሽ መኮንንም አብረውን መጥተው አጥሩ ሥር ቆመው ይጠባበቁ ነበር። መጀመሪያ የወጣችው ሀያት ናት። ፊቷ ገርጥቷል። ዛፉ አልመጣም አለችን።

«እንዴት ይመጣል? ተቆርጧል እኮ» አሉ ኦቦ ገመቹ።

የመጣው ስለ አየሩ ሁኔታ ነበር። በልብ ወለዱ ውስጥ አየሩ ያለው ሚና ምን እንደሆነ አስረዳ ይላል። ስለ አየር አንድም ቀን አስተምሬ አላውቅም፤ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ስለ ዛፍ ስንከራከር ነው የከረምነው። ሀያት እንደምንም ዝናቡንና ብርዱን እያነሣች እንደጻፈች ነገረችኝ። ብሩክ ከሁሉም ዘግይቶ ወጣ። ምን እንደጻፈ ለመጠየቅ ፈርቼ ነበር። ሳልጠይቀው ነገረኝ።

«ቲቸር፣ ቶማስ ስለ ቤቱ በተጠየቀ ቁጥር የሚመልሰው ስለ አየሩ ነው። ክረምት ነው ይላል፣ ነፋሱ ነው ይላል። ስለ ሚስቱ ላለመናገር ሲል ስለ አየር ያወራል። አየሩ መደበቂያው ነው ብዬ ጻፍኩ።»

አባቱ መስመሩ ከየት እንደመጣ ጠየቁት። ከራሴ አላቸው። ጋሽ መኮንን ወዲያና ወዲህ ተመለከቱ። ከዚያ ልጃቸውን ትከሻው ላይ መታ መታ አደረጉትና ወደ ሚኒባሱ ገቡ።

ውጤት ሲመጣ አብዛኞቹ አለፉ። የሀያት ጥሩ ነበር፤ የብሩክ ከሷም በለጠ። አንድ ልጅ ግን ወደቀ። ለምን እንደወደቀ ስጠይቀው ድርሰቱን ተረከልኝ። ቶማስ በሽማግሌዎች ፊት ይቅርታ እንደጠየቀ፣ ኤድናም ሁለት ፖም እንደተከለች፣ ከዚያ በኋላ አየሩ እንደተስተካከለ ጽፏል። ማስረጃ ብሎ የጠቀሰው የኦቦ ገመቹን ምርቃት ነው። አራሚው ወረቀቱን ሲያነብ ምን እንዳለ ለማወቅ ብዙ እሰጥ ነበር። ልጁን ልወቅሰው አልቻልኩም፤ መታረቃቸው ሲነገር እኔም አጨብጭቤአለሁ። በሚቀጥለው ዙር እንደገና ተፈትኖ አለፈ።

በዓመቱ የፈተናው መጽሐፍ ተለወጠ። አዲሱ መጽሐፍ ገና ከፖስታው ሳይወጣ ኦቦ ገመቹ አስጠሩኝ። ጋሽ መኮንንም እዚያው ነበሩ፤ ለዚሁ ጉዳይ የመጡ ይመስለኛል። ዘንድሮ ያሉት ሰዎች ሰላም ናቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አባታቸው የሞተባቸው ሦስት እኅትማማቾች እንደሆኑ፣ በቤት ውርስ እንደተጣሉ ነገርኳቸው።

ሁለቱ ተያዩ። ኦቦ ገመቹ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ውርስ ከሆነ ቅዳሜ ብቻውን አይበቃንም» አሉ።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚያ ሕንፃ ውስጥ አስተማርኩ። ይህን ሥራ የጀመሩ ወጣት መምህራን ተማሪዎቹን እንዴት ያዘጋጇቸው ነበር እያሉ ይጠይቁኛል። የምነግራቸው ይህን ነው። ተማሪ ስለ መጽሐፍ እንዲጽፍ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ መጽሐፉ ከሰው ጋር ይከራከር። ሲከራከር ገጹን ይጥራ። ክርክሩ ሲያልቅ ደግሞ የተጻፈው የትኛው እንደሆነ፣ እናንተ የጨመራችሁት የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ ንገሩት።